ሁለተኛዋ የት አለች?

ካፉሪ በካርቱም ባህሪ፣ ማለትም በሰሜን ካርቱም፣ ያለ የባለጠጎች ሰፈር ነው። ስሙን የወረሰው ቀድሞ በቦታው የወተት ላም ያረባ ከነበረው ከካፉሪ ቤተሰብ ነው። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ሴቶች ናቸው። እትዬ የጎጃም ሰው ናቸው፤ መተማን ተሻግረው ካርቱም ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በካፉሪ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ወጥ ቤት ሆነው ይሠራሉ። ተማሪዋ ገዳሪፍ ላይ ከሐበሻ ወላጆች ተወልዳ ያደገች ናት፤ እዚያው ባህሪ ውስጥ፣ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ባለበት ሻምባት ትማራለች። ጊዜው የካቲት 2015 ዓ.ም.፣ የሱዳን ጦርነት ሊነሳ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። በንግግራቸው ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ግን የፈረንጅ ናቸው።

እትዬ፦ እሱን ዝለይው። «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚለውን።

ተማሪዋ፦ እንዴት ልዝለለው እትዬ? ሐሙስ ክፍል ውስጥ የማቀርበው ጽሑፍ የሚጀምረው በእሱ እኮ ነው። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ፤ በ1957 ፍኖተ ሰላም ተወለዱ፤ ከአካባቢያቸው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በመያዝ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

እትዬ፦ አንቺ ሙገሳ መስሎሻል፤ እኔ ጆሮ ሲደርስ ክስ ነው። በ1970ዎቹ አንዲት ሴት የመጀመሪያ ከሆነች፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ምን ሲሠሩ ኖሩ? ከእሷ ጋር የተወለድነውስ? እኩያዬ ናት፤ እኔም ከዚያው ከጃቢ ጠህናን ነኝ። እሷ አንደኛ ስትባል እኛ የት እንደቀረን የሚጠይቅ የለም።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ?

እትዬ፦ ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች፣ ማን እጇን ይዞ እንዳስገባት ይጻፍ። ለአሁኑ ግን ከጋብቻ እንዴት እንዳመለጠች ንገሪኝ። የእኛ አገር ሴት ታሪኳ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ተማሪዋ፦ ይህንን ራሳቸው ተናግረውታል። እኩዮቻቸው በልጅነት ሲዳሩ እሳቸው ተረፉ። አልታዘዝ ባይ ስለነበሩ ጋብቻውን ደፍሮ የሚያመቻች አልተገኘም።

እትዬ፦ እሰይ! እኔን እናቴ ጨዋ አድርጋ አሳደገችኝ፤ ጨዋነቴ ነው የጎዳኝ። ቀጥይ።

ተማሪዋ፦ በ1974 ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

እትዬ፦ ንጉሡ በወረዱበት ዓመት።

ተማሪዋ፦ አዎ። ግብርና መረጡ፤ ያኔ የዓለማያ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበር። በ1979 ተመረቁ። ከዚያ አሜሪካ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በ1985 ከሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክትሬታቸውን በ1989 ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አገኙ፤ ጥቂት ዓመት ደግሞ ኮርኔል ቆዩ። በ1992 ኮሎምቢያ ሄደው ካሊ ከተማ አጠገብ ባለው ዓለም አቀፍ የሐሩር አገሮች ግብርና ምርምር ማዕከል አሥራ አምስት ዓመት ሠሩ። ሙያቸው የዕፅዋት በሽታ ነው።

እትዬ፦ ግብርና መምረጧ አይገርመኝም። ጎጃም ማረስ የወንድ ነው ይበል እንጂ አረሙ፣ አጨዳው፣ መሸከሙ የሴት ነው። ሰብሉ ሲታመም ቀድማ የምታየው ጎንበስ ብላ የምታርመው ናት። የሚጠይቃት ግን የለም። እና ኮሎምቢያ ሄዳ የምን በሽታ አከመች?

ተማሪዋ፦ የሣር። ብራኪያሪያ የሚባል የግጦሽ ሣር አለ። የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው። ደቡብ አሜሪካ ተወስዶ እዚያ ተስፋፋ፤ ዛሬ ብራዚል ውስጥ ብቻ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሄክታር ይሸፍናል፤ የብራዚል የሥጋ ከብት ያደገው በእሱ ነው።

እትዬ፦ ሣራችንን?

ተማሪዋ፦ ሣራችንን። ብራኪያሪያን ቅጠል የሚያነቁር የፈንገስ በሽታ ያጠቃዋል። ዶክተር ሰገነትና ባልደረቦቻቸው ግን አንዳንዱ ተክል ውስጥ ሌላ ፈንገስ ተደብቆ አገኙ። ይኼኛው ሣሩን አይጎዳውም፤ ግንዱና ቅጠሉ ውስጥ ይኖራል፤ በዘሩም ይተላለፋል። ለይተው አውጥተው በላብራቶሪ ሲፈትኑት በሽታ አምጪውን ፈንገስ እንዳያድግ የሚያግድ ሆኖ ተገኘ። በ2001 አሳተሙት። በ2014 የሎሪያልና የዩኔስኮ «ለሴቶች በሳይንስ» ሽልማት ሲሰጣቸው የተጠቀሰው ይኸው ሥራ ነው፤ በግጦሽ ሣር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ሣሩ በሽታንም የአየር ጠባይ ለውጥንም እንዲቋቋም እንዴት እንደሚያግዙት ማሳየታቸው።

እትዬ፦ ይኼማ እርሾ ነው።

ተማሪዋ፦ እርሾ?

እትዬ፦ ነይ እይው። (ዶካውን፣ የኪስራ ምጣዱን ማለት ነው፣ በዘይት ጨርቅ ይወለውሉና ትናንት ማታ ከቦካው የዱራ (የማሽላ) ሊጥ አንድ ጭልፋ ያፈሳሉ። በገርገሪባው፣ በዘንባባ ቅጠሏ ማለት ነው፣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሳብ፣ መለስ፣ ሳብ ያደርጉታል። ኪስራው ከወረቀት እስኪሳሳ ድረስ።) ይህን የሚያቦካው ምንድነው? ከትናንት ወዲያው ሊጥ የተረፈ ጭላጭ ነው። በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ ዱራውን አያበላሸውም፣ እንዲያውም ከሚያበላሸው ይጠብቀዋል። ይህን ለማወቅ ኮሎምቢያ መሄድ አላስፈለገኝም። እናቴም አልሄደችም።

ተማሪዋ፦ እኛ ፋኩልቲ ስላስተማሩ አንድ ሰው ልንገርዎት። ፕሮፌሰር ሐሚድ ዲራር ይባላሉ፤ የረቂቅ ሕዋሳት ሊቅ ናቸው። ሱዳን ውስጥ የሚቦካውን ምግብና መጠጥ ሁሉ፣ ኪስራውን፣ መሪሳውን፣ ካዋሉን፣ እየዞሩ መዘገቡና በ1993 መጽሐፍ አድርገው አወጡት። ዕውቀቱ የማን እንደሆነ አልደበቁም፤ የሴቶች ነው አሉ፤ በተለይ የአሮጊቶች። የጠየቁትም እነሱኑ ነው።

እትዬ፦ እግዜር ይስጣቸው። ባዮሎጂስት ነን በያቸው እንግዲህ ሐሙስ ዕለት።

ተማሪዋ፦ አልልም።

እትዬ፦ ምነው?

ተማሪዋ፦ አይቆጡኝና፣ እርሾ ማወቅና ሳይንስ ማወቅ አንድ አይደለም። እርስዎ ሊጡ መቼ እንደደረሰ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ውስጡ ያለውን ሕዋስ ግን ለይተው አውጥተው፣ ስም ሰጥተው፣ ሌላ ሰው በሌላ አገር እንዲፈትነው አድርገው አልጻፉትም። ያልጻፉትም ስላልቻሉ አይደለም፤ የተከለከሉት እሱን ነው። «የገጠር ሴት ሁሉ ሳይንቲስት ናት» የሚል ንግግር በየስብሰባው እሰማለሁ። ያን ተናግሮ ደስ ካለው በኋላ ተናጋሪው መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፤ ሴትዮዋም ወደ ምጣዷ ትመለሳለች። ማመስገን ርካሽ ነው እትዬ። ላብራቶሪ ማስገባት ነው ውዱ።

እትዬ፦ (ኪስራውን ከዶካው ላይ ይላጡና ከሌሎቹ ላይ ይደርባሉ) ደግ ተናገርሽ። አልተቆጣሁም። እንግዲያው የእህቴን የልጅ ልጅ ጉዳይ መልሽልኝ። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ተፈትና ወደቀች። የአንደኛ ደረጃዋን ያለ መማሪያ መጽሐፍ የጨረሰች ልጅ ናት፤ ባዮሎጂ ትወድ ነበር።

ተማሪዋ፦ ብቻዋን አልወደቀችም። 896,520 ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነው። ከመቶ 3.3።

እትዬ፦ ታዲያ ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ሰነፍ ነው?

ተማሪዋ፦ ስለዚህ ነገር የጻፈች አንዲት ሴት አለች። ጁወል ፕለመር ኮብ ትባላለች፤ በ1924 ቺካጎ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ባዮሎጂስት። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የጥቁሮች ማደሪያ ለብቻው ስለነበረ ትታው ወጣች፤ አላባማ ውስጥ ጥቁሮች የሚማሩበት ታላዴጋ ኮሌጅ ገብታ በ1944 ጨረሰች። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ የገንዘብ ድጋፍ ስትጠይቅ ከለከሏት። ባቡር ተሳፍራ ሄዳ በአካል ቀረበችና አነጋገረቻቸው፤ ሰጧት። በ1950 ዶክትሬቷን ያዘች። ምርምሯ በቆዳ ቀለምና በቆዳ ካንሰር ላይ ነበር። በ1979 ስለ ሴቶችና ስለ ሳይንስ የጻፈችው ጽሑፍ አሁንም ይጠቀሳል፤ ርእሱ ስለ ወንፊት ነው።

እትዬ፦ ስለ ወንፊት?

ተማሪዋ፦ አዎ። ሴት ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በተደራረበ ወንፊት ታልፋለች፣ እያንዳንዱ ዓይኑ ለሴት ጠበብ ተደርጎ ተሠርቷል ነው ነገሩ። መጨረሻ ላይ ጥቂት ሲቀሩ «ሴቶች ሳይንስ አይወዱም» ይባላል።

እትዬ፦ እንግዲህ እኔ ዱቄት ስነፋ ነው የኖርኩት። ላዩ ላይ የሚቀረው እንክርዳድ ብቻ አይደለም። ያልደቀቀ ጤነኛ እህልም ይቀራል። እሱን አይጥሉትም፤ መልሰው ወፍጮ ያስገቡታል።

ተማሪዋ፦ እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከ1969 ጀምሮ የኮኔቲከት ኮሌጅ ዲን ሆና ስትሠራ ሕክምናና የጥርስ ሕክምና ለመማር ለሚፈልጉ ከአናሳ ማኅበረሰብ ለመጡ ተማሪዎች ልዩ መሰናዶ ከፈተች። ገንዘቡን ከግል ለጋሾች ለመነች። ያልተሟላላቸውን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እንደገና እያስተማረች ታስገባ ነበር። ኋላ በካሊፎርኒያ ፉለርተን የሚገኘውን ዩኒቨርሲቲ ከ1981 እስከ 1990 በፕሬዚዳንትነት መራች። እኔን የገረመኝ ፕሬዚዳንትነቷ አይደለም። ተመራማሪ ሆና ወረቀቷን ማሳተም ሲገባት፣ ጠዋት ሕዋሶቿን አይታ ከሰዓት ለተማሪ ገንዘብ ስትለምን መዋሏ ነው።

እትዬ፦ የኛዎቹስ? ለእህቴ የልጅ ልጅ?

ተማሪዋ፦ ሪሚዲያል የሚባል ተፈቅዷል። ማለፊያውን ባያመጡም ወደዚያ የቀረቡት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወር ይማሩና እንደገና ይፈተናሉ። ውጤቷ የሚያስገባት ከሆነ ትሂድ። ሐፍረት አይሰማት። ኮኔቲከትም እንደዚያው ነው የተደረገው።

እትዬ፦ ዛሬ ማታ እደውላለሁ። አሁን ወደ ሰገነት ተመለሺ። ሽልማቷን ሰማሁ፤ ሣሩንም ሰማሁ። ማንን አስገባች?

ተማሪዋ፦ በ2006 የቻይና መንግሥት ለውጭ አገር ባለሙያዎች የሚሰጠውን የወዳጅነት ሽልማት ሰጣቸው፤ ቻይናውያን ተመራማሪዎችን ረድተው ነበር። በዓመቱ፣ በ2007፣ ሁሉን ትተው ወደ አፍሪካ ተመለሱ።

እትዬ፦ ወደ ፍኖተ ሰላም?

ተማሪዋ፦ ወደ ናይሮቢ።

እትዬ፦ ናይሮቢ ደግሞ መቼ ነው ጎጃም የሆነው? ሃያ አምስት ዓመት ሰው አገር ኖራ ተመለሰች የምትይኝ ሌላ ሰው አገር ነው?

ተማሪዋ፦ ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥም ይጠይቁኛል፤ መልሴን እርስዎ ላይ ልሞክረው። ናይሮቢ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ፣ ቤካ የሚባል የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ የባዮሳይንስ ላብራቶሪ አለ። እስከ 2013 ድረስ የመሩት እሳቸው ናቸው። የላብራቶሪውን ጥቅም ለመረዳት የእኛን ችግር ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ አንድ ተማሪ የዱራ በሽታ ላጥና ካለ ቅጠሉን ይሰበስባል። ዘረመሉን ለማንበብ መሣሪያ የለም። መሣሪያው ካለ ኬሚካሉ አልቋል። ኬሚካሉ ሲመጣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት፤ መብራት ይጠፋና ይበላሻል። ስለዚህ ተማሪው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ አውሮፓ ሄዶ የፈረንጁን ጥያቄ ያጠናል፣ ወይ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይቀመጣል።

እትዬ፦ ሴት ከሆነች ደግሞ ሁለተኛው ብቻ።

ተማሪዋ፦ ልክ ነው። ልጅ ያላት ሴት አራት ዓመት አውሮፓ ሂጂ ብትባል አትሄድም። ጥቂት ወር ናይሮቢ ብትባል ግን እናቷ ልጁን ትይዝላታለች። ቤካ ያደረገው ይህን ነው። ኢትዮጵያና ሱዳንን ጨምሮ ከአካባቢው አገሮች ተመራማሪው የራሱን ናሙና፣ የራሱን አገር ችግር ይዞ ይመጣል፤ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል። በ2010 ለዚሁ የሚሆን ፈንድ አቋቋሙ። ሣሩም ተመለሰ፤ በስዊድን ገንዘብ ብራኪያሪያን በኬንያና በሩዋንዳ የማላመድ ሥራ ተጀመረ።

እትዬ፦ ከስንት ዘመን በኋላ!

ተማሪዋ፦ ናይሮቢ ጎጃም አይደለም፤ ቢሆንም ከካሊም ከካንሳስም ይቀርባል። ደግሞ ሙያ ተወልዶ ባደገበት ብቻ ይቁም ካልን፣ ይኼ ዱራ ላይም ልንጣላ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የወለንኮሚ ልጅ ናቸው። ሱዳን መጥተው እዚህ ሲሠሩ ነው በ1983 «ሐጂን ዱራ» የተባለውን ዲቃላ ማሽላ ያወጡት፤ በአፍሪካ ለገበሬ የተሰራጨ የመጀመሪያው የማሽላ ዲቃላ እሱ ነው። ኋላ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ፤ ሱዳኖቹ ቡዳ የሚሉትን አረም። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

እትዬ፦ ሐጂን ዱራ የእኛ ሰው ነው? ሰባት ጊዜ ገዝቼው አላውቅም ነበር ይኼን!

ተማሪዋ፦ የእኛም የእነሱም ነው።

እትዬ፦ እሺ፣ ናይሮቢን ተቀበልኩ። ከቤካ በኋላስ?

ተማሪዋ፦ በ2013 መጨረሻ ኢሲፔ የሚባለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ያዙ። ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 ያቋቋሙት ነው፤ እሱን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ ይቅርታ፣ «የመጀመሪያዋ» አልኩ።

እትዬ፦ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ማርኩሽ።

ተማሪዋ፦ ኦዲያምቦ ገና ሲያቋቁሙት አፍሪካዊ የነፍሳት ሊቅ የሚቆጠር አልነበረም፤ ስለዚህ ከ1983 ጀምሮ ከአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ዶክትሬት የሚያስተምር መርሐ ግብር ተከፈተ። ማዕከሉ ሱዳን ውስጥም ሠርቷል፤ ፖርት ሱዳን የአንበጣ ጣቢያ ነበረው፤ አንበጣ በጠረን እንዴት እርስ በርሱ ተጠራርቶ መንጋ እንደሚሆን ያጠኑበት። በ2020 ደግሞ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ በተያዙ የወባ ትንኞች ውስጥ አንድ ረቂቅ ሕዋስ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ትንኟን ሳይጎዳ የወባ ተሕዋሲው ውስጧ እንዳያድግ ያግዳል። ያው እንደ ሣሩ ፈንገስ ነው።

እትዬ፦ ይህንን ሁሉ እሷ አገኘችው?

ተማሪዋ፦ አይ፣ ይኼን ያገኙት በማዕከሉ ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ናቸው። የዳይሬክተር ሥራ እኮ እሱ ነው፤ መብራት እንዳይጠፋ፣ ደመወዝ እንዳይዘገይ፣ ተማሪ ቪዛ እንዳያጣ ማድረግ። ለጽሑፍ የማይመች ሥራ ነው። ማንም ሳይንቲስት ላብራቶሪውን ትቶ አውሮፕላን ሲሳፈርና ለጋሽ ፊት ሲቀመጥ መዋል አይወድም። አማራ ክልል ውስጥ ወጣቶች ዘመናዊ ቀፎና የሐር ትል ይዘው ማኅበር እንዲመሠርቱ የሚያደርግ ሥራም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር አላቸው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ 100,000 ወጣት ለመድረስ ያለመ ነው።

እትዬ፦ ማርና ሐር ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስዊድን ነው፣ ማስተርካርድ ነው፣ አንዱ ፈንድ ነው። ሰጪው እጁን የሰበሰበ ቀንስ? የዚህ ግቢ እመቤት በየዓመቱ ለአንዲት ድሃ ልጅ የትምህርት ቤት ይከፍሉ ነበር። ዶላር ሲወደድ ተዉት። ልጅቷም ቀረች። በቸርነት የተከፈተ በር በቸርነቱ ልክ ነው የሚቆየው።

ተማሪዋ፦ እዚህ ላይ መልስ የለኝም፤ ልክ ነዎት። ዶክተር ሰገነት ራሳቸው የአፍሪካ መንግሥታት ለምርምር ገንዘብ እንዲመድቡ ደጋግመው ወትውተዋል። የሰማቸው ጥቂት ነው። ጽሑፌ ውስጥ እጨምረዋለሁ።

እትዬ፦ ሌላም ጨምሪ። እዚህ አገር ሴቶች በትምህርቱ ከእኛ ይሻላሉ ይባላል። እውነት ነው?

ተማሪዋ፦ የዩኔስኮ ቁጥር እውነት ነው ይላል። በ2013 ኢትዮጵያ ውስጥ ከመቶ ተመራማሪ ሴቶቹ 13 ገደማ ነበሩ። የሱዳን ቁጥር አሮጌ ነው፣ የ2005 ግምት ነው፤ ግን 40።

እትዬ፦ አርባ! እኛ ስንስቅባቸው? «ሴት አያስወጡም» ስንል?

ተማሪዋ፦ ሼክ ባቢከር በድሪ በ1907 ሩፋዓ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የተማሩት የራሳቸው ልጆችና የጎረቤት ልጆች ነበሩ። ልጃቸው በ1966 ኦምዱርማን ላይ የአሕፋድን የሴቶች ኮሌጅ መሠረቱ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሄደ ነገር ነው። በ2013 ደግሞ የፊዚክስ ተመራማሪዋ ነሽዋ ዒሳ የሱዳን ሴቶች በሳይንስ የሚል ማኅበር አቋቁመዋል። ሌላም ምክንያት አለ፣ ይኼ የራሴ ግምት ነው፤ የምርምር ደመወዝ ስለማያጠግብ ወንዶቹ ወደ ገልፍ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ወንበሩ ላይ ይቀራሉ።

እትዬ፦ አርባዎቹ የማን ልጆች ናቸው?

ተማሪዋ፦ እንዴት?

እትዬ፦ የዚህ ግቢ ልጆች ሦስቱም ሴቶች ተምረዋል፤ አንዷ ሐኪም ናት። ደግ ልጆች ናቸው፤ አልከፋባቸውም። በዚህ ሰፈር ግን በየጓዳው የሐበሻ ሴት አለች፣ የኑባ ሴት አለች፣ የዳርፉር ሴት አለች። የእነሱ ልጆች ከአርባው ውስጥ ስንት ናቸው?

ተማሪዋ፦ ቁጥሩ ያንን አይለይም። ሴትና ወንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

እትዬ፦ ቁጥሩ የካፉሪን ሳሎን ቆጥሮ ጓዳውን ትቶታል ማለት ነው። ሐሙስ ይህን በያቸው። «አናሳ» ማለት ሴት ብቻ ከሆነ፣ ባለጠጋዋ ሴት ገብታ በሩን ትዘጋዋለች። አሜሪካዊቷ አልዘጋችም። ሰገነትም አልዘጋችም ይሆናል፤ ብቻ በስንቶቹ እንደምትለካ ንገሪያቸው እንጂ በአንደኛነቷ አትለኪያት።

ተማሪዋ፦ የእኔ ስም በሳሎኑ ይገባል በጓዳው? እናቴ ገዳሪፍ ሻይ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ።

እትዬ፦ ሻይ ሸጣ? እንግዲያው አንቺን አንደኛዋ የሚል ጽሑፍ እንዳይወጣብሽ ተጠንቀቂ። ታናሽ እህትሽን ይዘሽ ግቢ።

*

ከዚህ ንግግር በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሳ። ካፉሪ ለብዙ ወራት በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ቆይቶ በየካቲት 2017 ዓ.ም. መግቢያ የሱዳን ጦር መልሶ ያዘው። ዶክተር ሰገነት በፈረንጅ 2023 ማብቂያ ላይ ኢሲፔን ለቡርኪናፋሶው ተወላጅ ለአብዱ ቴንኩዋኖ አስረከቡ። መተማን ተሻግረው ወደ ካርቱም ይሄዱ የነበሩት እኛ ነበርን፤ ከጦርነቱ ወዲህ ሱዳኖቹ ወደ እኛ መጥተው በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ መጠለያ ሰፈሩ። ከእነሱ መካከል የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ፣ የግብርና፣ የሕክምና ተማሪ የነበሩ ሴቶች አሉ። ጎንደርና ባሕር ዳር ላብራቶሪ ያላችሁ መምህራን፣ ማስረጃዋ ካርቱም ውስጥ የተቃጠለባት ተማሪ በራችሁን ስታንኳኳ ወረቀቱን አስቀድማችሁ አትጠይቋት፤ ፈትናችሁ አስገቧት።